ሳፍሮን ዎልደን ውስጥ ካፌ ለመክፈት ላሰቡት እህት፦ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት

ከለንደን ወጥተው ሳፍሮን ዎልደን ውስጥ ቡና እየቆሉ የሚሸጡበት አነስተኛ ካፌ ለመክፈት እንደሚፈልጉ፣ በገበያው አደባባይ አጠገብ አንድ አሮጌ ቤት እንዳዩና የአከራዩ ወኪልም «ምንም ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም» እንዳለዎት ጽፈው፣ ስለ ከተማዋ ታሪክና ጠባይ የሚያውቅ ሰው እንዲነግርዎ ጠይቀዋል። እኔ እዚያው ከተማ ቡና እየቆላሁ የምሸጥ ሰው ነኝና የወኪሉን ቃል ሳነብ ዝም ማለት አልቻልሁም። ስለ ንግድ ምዝገባና ስለ ባንክ ሒሳብ የሚነግርዎ አያጡም፤ እኔ የምጽፍልዎ ስለ ሕንፃው ነው። ስለ ሕንፃው ለመናገር ደግሞ ከተማዋ እንዴት እንደ ተሠራች ማወቅ ግድ ይላል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ ከተማዋን ያበቀላት ገበያው መሆኑን ይወቁ። በ1141፣ የእንግሊዝ ዙፋን በጦርነት በሚናጥበት ዘመን፣ እቴጌ ማቲልዳ የኃያሉን መስፍን የጆፍሪ ደ ማንደቪልን ድጋፍ ለማግኘት ሲሉ በአቅራቢያው በኒውፖርት ይቆም የነበረውን ገበያ ወደ ዎልደን እንዲያዛውር ፈቀዱለት። በዚያ ዘመን ገበያ ማቆም ከዘውዱ የሚሰጥ መብት ነበር፤ በኋላ በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው ሕግም ተቀናቃኝ ገበያ ከስድስት ማይልና ከሁለት ሦስተኛ በላይ ርቆ ካልሆነ እንዳይቆም ይከላከል ነበር፤ ስሌቱ አንድ ሰው ተጉዞ፣ ሸጦና ገዝቶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ መመለስ እንዲችል ነው። ገበያው ሲዛወር የሰዉም ኑሮ አብሮ ተዛወረ፤ ኒውፖርት ዛሬም መንደር ናት፣ ዎልደን ግን ከተማ ሆነች። ገበያው እስካሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። ከአደባባዩ ጎን ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በመካከለኛው ዘመን የነጋዴዎች መደቦች የተደረደሩባቸው ቦታዎች ሲሆኑ፣ ከዕለት ወደ ዕለት መደቡ ዳስ፣ ዳሱም ቤት እየሆነ ሄደ፤ ከመተላለፊያዎቹ አንዱ ዛሬም የሥጋ ሻጮች መደዳ ተብሎ ይጠራል። እርስዎ ያዩት ቤት ከእነዚህ አንዱ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ የእኔም እንዲሁ ነው፣ ፊቱ ጠባብ፣ ጀርባው ረጅም፣ በወፍራም የኦክ እንጨት ምሰሶና ማገር የቆመ።

ሁለተኛ፣ ከተማዋ ሀብቷን በየዘመኑ ከተለያየ ነገር ስታገኝ ኖራለች፤ ያተረፈችውንም በሕንፃ ላይ አውላዋለች። በመጀመሪያ የበግ ፀጉር ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በዙሪያዋ ያሉት ማሳዎች የሳፍሮን አበባ ይበቅልባቸው ነበር፤ ስሟንም ያገኘችው ከዚሁ ነው። ከእያንዳንዱ አበባ የሚለቀሙት ሦስት ቀጫጭን ክሮች ብቻ በመሆናቸው አንድ ኪሎ የደረቀ ቅመም ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ አበባ ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል የእጅ ሥራ የሚጠይቅ ሰብል ዋጋው ምን ያህል እንደሚሆን ነጋዴ ለሆነ ሰው ማስረዳት አያሻም። ከዚያ በኋላ ገብስና ብቅል ተራውን ወሰዱ። በ19ኛው መቶ ዘመን የጊብሰን ቤተሰብ የተባሉ፣ ክዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ተከታዮች በቢራ ጠመቃና በባንክ ሥራ በልጽገው ከተማዋን አሳመሯት፤ በ1874 በአደባባዩ ላይ ያሠሩት የባንክ ሕንፃ እስካሁን ቆሞ ይታያል፤ ባንኩም በ1896 ባርክሌይስ የተባለውን ትልቅ የእንግሊዝ ባንክ ከመሠረቱት ባንኮች አንዱ ሆነ። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከተማዋ በምትገኝበት በኤሴክስ አውራጃ ካሉት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ትልቁ ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በግንቦት 1647 የጦር መሪው ኦሊቨር ክሮምዌልና ሌሎች የፓርላማው መልእክተኞች ደመወዛቸው ያልተከፈላቸውን ወታደሮች አቤቱታ ሰምተዋል። ይህን ታሪክ በተለይ እወደዋለሁ፤ ለሠራበት ዋጋ የሚከራከር ሰው በዚህች ከተማ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያስታውሰኛል።

ትልቁ የባቡር መስመር በ1845 ሲዘረጋ ያለፈው ከከተማዋ ሁለት ማይል ያህል ርቆ፣ በኦድሊ ኤንድ በኩል ነው። በ1865 የተከፈተው ቅርንጫፍ መስመርም በ1964 ተዘጋ። አሮጌዎቹ ቤቶች ሳይፈርሱ የቀሩት በእኔ ግምት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትልልቅ ፋብሪካዎች ስላልመጡ የሚያፈርሳቸው አልነበረም። ቤቶቹ በመትረፋቸው ደግሞ ሕግ ጠባቂ ሆኖ መጣላቸው። ሦስተኛው ምክሬ ስለዚህ ሕግ ነው፤ ገንዘቤንም ጤናዬንም የነካው እርሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ወኪሉ ለእኔም «ፈቃድ አያስፈልግም» ብሎኝ ነበር። ግማሹ እውነት መሆኑ ነው አደገኛ የሚያደርገው። ከመስከረም 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ሱቅና ካፌ በአንድ የአገልግሎት ምድብ ውስጥ ስለሚገኙ፣ ሱቅ የነበረውን ቤት ካፌ ለማድረግ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ አይጠየቅም። ነገር ግን ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ጠባዩን የሚነካ ማንኛውም ሥራ፣ ከውስጥም ይሁን ከውጭ፣ ከዚያ የተለየ የቅርስ ሕንፃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ፈቃድ መሥራትም በ1990 በወጣው የቅርስ ሕንፃዎች ሕግ መሠረት ወንጀል ነው። ከሁሉም የከፋው፣ ካውንስሉ፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ ያለ ፈቃድ የተሠራውን እንዲስተካከል ሲያዝ የጊዜ ገደብ የለበትም፤ ትእዛዙም ሥራውን ባልሠራው በዛሬው ባለቤትና ተከራይ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ የጀርባውን መስኮቶች አውጥቶ ፕላስቲክ አስገብቷል፣ የጀርባውን ግድግዳም በሲሚንቶ ለስኗል። ወኪሉ ይህን ያውቅ ነበር። እኔ የቡና መቁያውን ገዝቼ፣ ጭሱ በግድግዳው እንዲወጣ ባለሙያ ቀጥሬ፣ ኪራይም እየከፈልሁ ሳለሁ ከካውንስሉ ደብዳቤ መጣ፤ ግድግዳውን እንዳልነካ፣ መስኮቶቹም እንዲቀየሩ የሚል ነው።

ወደ ወኪሉ ቢሮ ሄድሁ። የተቀበለኝ ሰው ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ ፈርሜ እንደ ጨረስሁ፣ የጥገናው ግዴታ ሁሉ በውሉ መሠረት የእኔ እንደ ሆነ፣ ወደፊት ግን እንግሊዝኛ የሚያነብልኝ ሰው ይዤ ብመጣ እንደሚሻል ነገረኝ። ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውሉን ከእርሱ በተሻለ አንብቤዋለሁ፤ ከመፈረሜ በፊትም «በሕንፃው ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር አለን?» ብዬ በኢሜይል ጠይቄ፣ «የለም» የሚል መልስ በጽሑፍ ተቀብዬ አስቀምጬ ነበር። ጠበቃዬ ይህችን አንዲት መስመር ይዛ፣ በሐሰት መግለጫ ሰውን ውል ማስፈረም በሕግ እንደሚያስጠይቅ ለአከራዩ ጻፈች። ክርክሩ ወራት ፈጀ፤ በመጨረሻ መስኮቶቹና ግድግዳው በአከራዩ ወጪ ተስተካከሉ። ሱቁ ተዘግቶ ሳለ የከፈልሁት ኪራይ ግን አልተመለሰልኝም፤ ትንሽ ገንዘብም አልነበረም።

የካውንስሉ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ፣ ወኪሉ ሲያስፈራራኝ እንደ ነበረው ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ሊያስረዳኝ ጊዜ ሰጠኝ። የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ በኖራ የተለሰነው እርጥበቱ እንዲወጣ ነው፤ ሲሚንቶ ሲለብስ እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ የኦክ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የጎንደር ልጅ ነኝና ግንቦቻችን በኖራ መገንባታቸውን እያወቅሁ ስላደግሁ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ከግንበኛው ጋር ቆሜም ልስኑን ከነአሠራሩ ተማርሁ። ለቡና መቁያውም መፍትሔ ተገኘ፤ ግድግዳ ሳይበሳ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የተዘጋው የጭስ ማውጫ በውስጡ የብረት ቱቦ ተዘርግቶለት እንዲያገለግል ተፈቀደልኝ። ለቅርስ ሕንፃ ፈቃድ ማመልከቻ ካውንስሉ ክፍያ አይጠይቅም፤ ለውሳኔ የተቀመጠው ጊዜ 8 ሳምንት ነው፤ እርስዎ ግን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይያዙ።

ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ያቆመኝ ገበያው ነው። በአደባባዩ ላይ መደብ ይዤ ማክሰኞና ቅዳሜ የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ሸጥሁ። ስለ ሰዉ ጠባይ ጠይቀዋልና፣ ቁጥብ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይተው ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። አንድ ጊዜ ከገዙ ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ይመለሳሉ፣ ጎረቤታቸውንም ይዘው ይመጣሉ። ቅዳሜ ከኬምብሪጅና ከዙሪያው መንደሮች ብዙ ሰው ይመጣል፤ ማክሰኞ ግን የከተማው ነዋሪ ስለሚበዛ ቋሚ ደንበኛ የሚገኘው በማክሰኞ ነው። ቤቱ ሲከፈት ደንበኞቼ ከመደቡ ተከትለውኝ ገቡ፤ በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ የቤቱን አድራሻ ይዘው በእንግሊዝ የቅርሶች ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ይፈልጉት፤ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። የአሮጌ እንጨት ቤቶችን የሚያውቅ የሕንፃ ገምጋሚ ያስገቡ፤ ለዘመናዊ ቤት የለመደ ሰው አይበቃዎትም። ከሕንፃው ሁሉ ይልቅ ጀርባውን ይመልከቱ፤ ፊቱን ሁሉም ይጠብቀዋል። ምግብና መጠጥ ለመሸጥ ከመጀመርዎ 28 ቀን በፊት በካውንስሉ መመዝገብዎን አይርሱ፤ ለመደብም ያስፈልጋል። ለወኪሉ ሦስት ጥያቄ በኢሜይል ይላኩለት፤ ቤቱ ተመዝግቧል ወይ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር አለ ወይ፣ ከእርስዎ በፊት የተበላሸውን የሚጠግነው ማን ነው የሚል። በጽሑፍ አልመልስም ካለዎት ያንን ቤት ይተዉት፤ በገበያው ላይ መደብ ይያዙና ሌላ ቤት እስኪገኝ ድረስ እዚያው ይሽጡ።