ደንበኛ በደብዳቤ አይዛወርም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በመሐል ሜዳ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ዝውውር ተፈቅዶለት በመጪው መስከረም ደብረ ብርሃን ሥራ እንዲጀምር ተነግሮታል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ መስከረም ላይ ስምንተኛ ክፍል ትገባለች። ስኳር ያለባት እናቴም አብራን ትኖራለች። ቤቱ የራሳችን ነው። ባለቤቴ «ቤቱን ሸጠን ደብረ ብርሃን ዳር ከገበሬ ቦታ እንግዛ፤ ለልጆቹም ለሕክምናውም ይሻላል» ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ ከአገር ከወጣችሁ አይቀር አዲስ አበባ ግቡ ይሉኛል። እኔ እዚህ በሱቄ ደጃፍ የሚያልፈው ሁሉ ያውቀኛል፤ እዚያ ማን ያውቀኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ልብስ ሰፊዋ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ ባለቤትሽ ቢሆን ኖሮ «ሂዱ» ብዬው አበቃ ነበር። የእሱ ሥራ በአንድ ደብዳቤ ይዛወራል። መስከረም ሲጠባ ያው ደመወዝ፣ ያው የአገልግሎት ዘመን፣ ያው ጡረታ አዲሱ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሎት ይመጣል። ያንቺ ደንበኛ ግን በደብዳቤ አይዛወርም። አንድ ቤተሰብ ከተማ ሲለውጥ ዕዳውን የሚከፍለው ገቢው በሰው ትውውቅ ላይ የቆመው ወገን ነው፤ በብዙ ቤት ደግሞ ይህ ወገን ሚስት ናት። እንቅልፍ ያሳጣሽ ነገር ተራ ፍርሃት አይደለም፤ የቤታችሁ ግማሽ ገቢ ነውና ባለቤትሽም አብሮሽ ሊያስብበት ይገባል። መሄዳችሁን እደግፋለሁ። የምጠይቃችሁ ዕቅዱ በስፌት መኪናሽ ዙሪያ እንዲወጣ ነው።

ስለ አዲስ አበባ ብዙ አልልም። ዝውውሩ የተገኘው በክልሉ ውስጥ ነው፤ ልጅቷም ደብረ ብርሃን ሆነ መሐል ሜዳ የምትፈተነው ያንኑ የአማራ ክልል የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው። ለአንቺ ሥራ አዲስ አበባ የምታስፈልግሽ ለጨርቅ፣ ለክርና ለዚፕ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። መንገዱ ሰላም ከሆነ በጠዋት ተነሥተሽ መርካቶ የምትፈልጊውን ገዝተሽ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ብርዱንም ለመሐል ሜዳ ሰው አልተርክም፤ የጓሳን ነፋስ የለመደ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ አይፈራም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ደብረ ብርሃን 65 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች ተተከሉ፣ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ቀጥሎም ከየአካባቢው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ተጠለሉባት። ይህ ሁሉ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። የራሱ ቤት ለኖረ ሰው የመጀመሪያው ድንጋጤ የቤት ኪራይ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እስከ ዛሬ ከዘመድ ማሳ በቁና ይመጣላችሁ የነበረውን ገብስና ባቄላ ሳይቀር በገንዘብ መግዛት ነው። ሆኖም ያ ሁሉ ሰው ልብስም ይለብሳል፤ የለበሰውም ይጠበዋል፣ ይሰፋዋል፣ ይቀደድበታል።

እዚህ ላይ አንዲት የማውቃትን ልብስ ሰፊ ላንሣልሽ። ከሞላሌ የመጣች ናት። ስትመጣ ሱቅ የምትከራይበት ገንዘብ ስላልነበራት ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ለምና በረንዳው ላይ በእግር የሚረገጥ ሲንጀሯን ዘረጋች። የተስማሙት እሱ ጨርቅ የገዛውን ሰው ወደ እሷ ሊልክላት፣ እሷም ማታ ማታ በረንዳውን ልትጠርግና ዕቃውን ስታስገባ ልታግዘው ነበር። ሥራዋን አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። አዲስ ቀሚስ የሚያሰፋ ሰው ጥቂት ነበር፤ የበዛው ሱሪ የሚያሳጥርና የጃኬት ዚፕ የሚያስቀይር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እያንዳንዱን ልብስ ስትቀበል ስም፣ ቀንና የተቀበለችውን ቀብድ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በመርፌ ቁልፍ ኮሌታው ላይ ትሰካለች። ዓርብ ያለችውን ሐሙስ ታደርሳለች። መብራት ሲጠፋ በሞተር የሚሠሩት ጎረቤቶቿ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ የእሷ መኪና ይሄዳል፤ እነሱም የቸኮለ ደንበኛቸውን ወደ እሷ ይልኩ ጀመር። ተማሪው ተማሪውን እያመጣ በረንዳው ጠበባት። ዛሬ የራሷ ክፍል አላት፤ ኦቨርሎክ የሚባለውን የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ መኪናም ገዝታለች። ያቺን ሲንጀር ግን አልሸጠቻትም፤ አንቺም እንዳትሸጪ።

ከዚህች ሴት የምትወስጂው ትልቁ ነገር የቦታ አመራረጧ ነው። ሰው ጨርቅ ገዝቶ ሲወጣ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ቤት ስትፈልጉ ባለቤትሽ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበውን ይመርጥ ይሆናል፤ እሱ ግን በእግሩ ቢሄድ ምንም አይጎድልበትም። መጀመሪያ የአንቺ መቀመጫ ይፈለግ፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ በአቅራቢያው ይታይ። የተማሪ ሥራ ክረምት ላይ እንደሚጠፋም አስቢበት፤ ለዚያ ወቅት ዩኒፎርም የሚያሠራ ሰፈር ያስፈልግሻል።

ጊዜውን በሚመለከት ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። ነሐሴና መስከረም የአንቺ መኸር ነው። ዩኒፎርሙ ሁሉ የሚሰፋው ያኔ ነው። ያንን ሥራ ጥለሽ፣ ማንም የማያውቅሽ ከተማ ዕቃ ስትፈቺ መስከረምን ማሳለፍ የዓመት ገቢሽን መጣል ነው። ልጅቷም የክልል ፈተና በምትወስድበት ዓመት ትምህርት ቤትና ጓደኛ መለወጥ የለባትም። ስለዚህ ባለቤትሽ መስከረም ላይ ብቻውን ይግባ፤ ከሥራ ባልደረባው ጋር አንድ ክፍል ይከራይ። አንቺ ዓመቱን መሐል ሜዳ ጨርሺ። ሁለት ምድጃ ማንደድ ወጪ እንዳለው፣ ባልና ሚስትም ተለያይቶ መክረም እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ የአንድ ዓመት ወጪው ተደምሮ አንቺ ያለ ደንበኛ ከምትቀመጪበት ዓመት ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያ ዓመት ዝም ብሎ የሚያልፍ መሆን የለበትም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፤ ሥራም ይቀዘቅዛል። ያኔ ልጆቹን ለእናትሽና ለእኅት ወንድም አደራ ብለሽ፣ ሲንጀሯን አስጭነሽ ባለቤትሽ ዘንድ ውረጂ። ዩኒቨርሲቲው በሥራ ላይ ነው፤ የጨርቅ ነጋዴዎቹን በየሱቃቸው አነጋግሪ፣ በረንዳ ለምኚ፣ ጥቂት ሳምንት ሥሪ። እዚያ ተቀምጠሽ የምታገኚው መልስ እኔ ከምጽፍልሽ ሁሉ የበለጠ ነው። ልጅቷ ተፈትና ክረምቱ ሲገባ የዓመቱን ግብርሽን ከፍለሽ ክሊራንስ ውሰጂ፤ የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ የአድራሻ ለውጡን ከእድሳቱ ጋር አስኪጂው። ከቀበሌ መሸኛ፣ ከትምህርት ቤት የልጆቹን መልቀቂያና ውጤት ሳትይዙ እንዳትነሡ፤ ለአንዲት ወረቀት በጣርማ በር ዞሮ መመለስ ቀላል አይደለም። ዕቃውን ሐምሌ ላይ ብትጭኑ የነሐሴውን ዩኒፎርም ደብረ ብርሃን ተቀምጠሽ ትቀበያለሽ።

ቤት ስትከራዩ ከኪራዩ ብር በፊት ቆጣሪውን ጠይቂ። በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ጠቡ የሚነሣው በእንጀራ ምጣድና እንደ አንቺ ባለው የካውያና የመኪና ሥራ ነው። ሥራሽን ደብቀሽ አትግቢ፤ ልብስ ሰፊ መሆንሽን ተናግረሽ ግቢ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሮቶ መኖሩን እይ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ከጠየቀሽ ይህን አንሺበት፤ በከተማው የሚያስፈጽመው የትኛው ክፍል እንደሆነም ቀበሌውን ጠይቂ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቃሌ ጠንካራ ነው። ቤቱን አትሽጡ። ቤት ሸጦ ከገበሬ ቦታ መግዛት ማለት ሕጋዊ ይዞታን ሰጥቶ የሁለት ሰው ፊርማ ያለበትን ወረቀት መቀበል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ሊሸጥላችሁ የማይችለውን ነው የሚሸጥላችሁ። ከተማው ወደዚያ ሲሰፋ ካሳው የሚከፈለው በመዝገብ ባለይዞታ ለሆነው ሰው ነው፤ እናንተ የሠራችሁት ቤት የጨረቃ ቤት ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። ባለቤትሽ ከልቡ ለልጆቹ አስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም። እንግዲያውስ ትምህርት ቤት እንደገባ መምህራን በማኅበር ተደራጅተው ቤት የሚሠሩበት ዕድል ካለ ይጠይቅ፤ የራሱ መሥፈርትና ተራ አለው፣ ቢዘገይም ካርታ ያለው ነገር ነው። የመሐል ሜዳውን ቤት ለመምህር ወይም ለጤና ባለሙያ አከራዩት። ነገሩ ባይሳካ መመለሻ፣ ቢሳካም የኪራይ ማካካሻ ይሆናችኋል።

እናትሽን በሚመለከት፣ መሐል ሜዳም ሆስፒታል አላት፤ ነገር ግን ስኳር ዓይንንና ኩላሊትን መንካት ሲጀምር ልዩ ሐኪም ወዳለበት መላክ አይቀርም፤ ያኔ ደብረ ብርሃን መቀመጣችሁ ትልቅ እፎይታ ነው። ስትነሡ የክትትል ካርዳቸውን ግልባጭ ያዙ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ብቸኝነታቸው ነው። ከማኅበራቸው፣ ከቡና ጎረቤታቸው፣ ከደብራቸው የተነቀሉ አንዲት እናት በኪራይ ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ መዋላቸው ከመድኃኒት ማጣት አይተናነስም። እሳቸውን ሳታማክሩ አትወስኑ። የመሐል ሜዳው እድርም በስማቸው ይቀጥል፤ ወርሃዊውን የሚከፍልላቸው ዘመድ አይጠፋም፣ የቀብራቸውን ቦታ የሚያስቡት እዚያ ነውና። ለራሳችሁ ደብረ ብርሃን እንደገባችሁ እድር ግቡ። ነባሩ እድር ከድንኳኑና ከዕቃው ድርሻ አስልቶ መግቢያ ያስከፍላችኋል፤ ከፍ ያለ ቢመስልሽም ክፈይ። ልብስ ሰፊ በእድር በኩል የምታገኘው ትውውቅ በሌላ መንገድ አይገኝም።

ጣርማ በርን ሳነሣ ስለ መንገዱ ዝም ማለት አይገባኝም። በእነዚህ ዓመታት በግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋበትን ጊዜ አንቺም ታውቂዋለሽ። ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ ሳለ ይህ ቢገጥማችሁ ሁለቱም ቤት የወር አስቤዛና የተወሰነ ጥሬ ገንዘብ ይኑረው፤ የእናትሽ መድኃኒትም እስኪያልቅ አይጠበቅ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው። ከቤተሰቤ ጋር ሽንኩርትና ማሾ እነግዳለሁ። በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሥራ አገኝልሻለሁ ያለኝ ሰው አለ። ልሂድ?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ልጄ፣ የአንቺ ጉዳይ ከላይኛው ይቀላል፤ ቤትም ልጅም አትተይም፣ የቤተሰብሽም ንግድ ብትመለሺ ይቀበልሻል። ሄደሽ ሞክሪው። ነገር ግን ሥራ አገኝልሻለሁ ለሚል ሰው አንድ ብር እንዳትከፍዪ፤ ፋብሪካው ራሱ የጻፈውን የሥራ ውል እይ። በአገራችን ለግል ድርጅት የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ስለዚህ ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው ያለሽ። ያንን ቁጥር ከሁለት ከሦስት ልጆች ጋር ተካፍለሽ ከምትከፍዪው ኪራይና ከምግብ ጋር አስተያዪው። ከዚያ የሚተርፍሽ ሽንኩርቱ ከሚተርፍልሽ ካነሰ ለሙያው ስትዪ ብቻ ነው የምትሄጂው፤ ያም ቢሆን ስፌት ከተማርሽበት ዋጋ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት እጥፍ ይታሰባል።

ለአንቺ ግን ብርዱን መንገር አለብኝ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ከደረሰሽ የምትወጪው በዚያ ሰዓት ነው። የመጀመሪያ ደመወዝሽን ሳትጠብቂ ወፍራም ብርድ ልብስና የተዘጋ ጫማ ይዘሽ ሂጂ።