80 ግራም ነው ብለው የሸጡልሽን ወረቀት መዝኚው

እህቴ፣ ኮፒ ቤት ልትከፍቺ ነው፣ 70 ግራም ይሻላል ወይስ 80፣ ወረቀትስ ለምን ጃም ያደርጋል፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ይያዛል፣ ብለሽ ጠይቀሻል። ከላይ «ሁሉም ያው ነው፣ ርካሹን ግዢ» ያሉሽን አትስሚያቸው። ዘጠኝ ዓመት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ኮፒ ሳደርግ ኖሬያለሁ፣ ያው አይደለም።

መጀመሪያ ግራሙ ይግባሽ። የአንድ ቅጠል ክብደት አይደለም፣ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ኤ ዜሮ የሚባለው ወረቀት ስፋቱ ልክ አንድ ካሬ ሜትር ነው፣ ከሱ 16 ኤ ፎር ይወጣል። 80 ለ16 ሲካፈል 5 ግራም፣ ስለዚህ 500 ቅጠል ያለው አንድ ደስጣ 2 ኪሎ ተኩል መምዘን አለበት። 70 ግራሙ ግን 2 ኪሎ ከ190 አካባቢ ነው። ይህን የተማርኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። አንዴ አምስት ካርቶን ገዛሁ፣ ማሸጊያው ላይ 80 ይላል፣ ባክ ቱ ባክ፣ ማለትም በሁለቱም ፊት፣ ሳወጣ ግን የጀርባው ጽሑፍ ከፊት ይነበባል። ጎረቤቴ ባለሱቅ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው ከነማሸጊያው 2 ኪሎ ከ200 ነው! ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን አልከፍልም። ነጋዴዎቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ንጣቱም አያታልልሽ። በጣም ነጭ ስለሆነ ወፍራም ነው ማለት አይደለም።

ለአንድ ፊት ኮፒ፣ ለማስታወቂያ፣ ለሃንድ አውት 70 ይበቃል። ለባክ ቱ ባክና ለመመረቂያ ጽሑፍ 80 ያዢ።

ጃም ላልሽው፣ ብዙ ሰው ማሽኑን ይረግማል፣ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእርጥበት ነው። በተለይ ክረምት ላይ። ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ይታጠፋል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከዚያ ማሽኑ ሁለት ሁለት ይጎትታል። ካርቶኑን መሬት ላይ አታስቀምጪ፣ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ደስጣውንም ሲያስፈልግሽ ብቻ ክፈቺ። ከመጫንሽ በፊት ጠርዙን ይዘሽ አራግቢው። ማሸጊያው ላይ ቀስት ካለ ደግሞ ቀድሞ የሚታተመውን ፊት ነው የሚያሳይሽ።

ሰርተፍኬት ይመጣብሻል። ደንበኛው «ጠንከር ያለ ወረቀት» ይልሻል፣ ከ200 ግራም በላይ የሆነውን ማለቱ ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ሌዘር ፕሪንተሮች ግን ከ163 ግራም በላይ አይችሉም፣ የማሽንሽን ማኑዋል እዪ። የሚችል ከሆነም በእጅ መመገቢያው አንድ አንድ እያልሽ አስገቢ፣ ሴቲንጉ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ወፍራም በዪው። ካልሆነ ቶነሩ፣ የማሽኑ የዱቄት ቀለም፣ በደንብ አይቀልጥም፣ በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል። እኔ 60 ሰርተፍኬት እንደገና በነፃ አትሜያለሁ፣ በምረቃው ዋዜማ፣ ሌሊቱን።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፦ ለኢንክጄት፣ በፈሳሽ ቀለም ለሚያትመው ፕሪንተር፣ የተሠራ የፎቶ ወረቀት ሌዘር ውስጥ እንዳታስገቢ። ደንበኛ ራሱ ይዞ መጥቶ «በዚህ አውጪልኝ» ይልሻል። የሌዘር ማሽን ፊውዘር፣ ቶነሩን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ የወረቀቱ ሽፋን ቀልጦ እዚያው ይጠቀለላል። የእኔ ፊውዘር እንደዚያ ነው የሞተው፣ ደንበኛው ደግሞ «ይቅርታ» ብሎ ሄደ። እሽጉ ላይ ለሌዘር ይሆናል የሚል ከሌለ እምቢ በዪ።

የአሜሪካ ፎርም ይዘው ሲመጡ ከጎን እየተቆረጠ ካስቸገረሽ ፋይሉ የተዘጋጀው በአሜሪካኖቹ የወረቀት ልክ፣ በሌተር ነው ማለት ነው። ሌተር ከኤ ፎር በ6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በ18 ያጥራል። ከማተምሽ በፊት ሴቲንጉ ላይ «Fit» (ከወረቀቱ ልክ ጋር አስማማ) የሚለውን ምረጪ፣ አለቀ።

ደግሞ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላሚኔት አድርጊልኝ ሲሉሽ ኮፒውን አውጥተሽ ኮፒውን ላሚኔት አድርጊ። የደረሰኙ ወረቀት ቀለም የሚያወጣው በሙቀት ነው፣ ላሚኔተሩ ውስጥ ሲገባ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ደረሰኙን ከየት ታመጪለታለሽ?