የ120 ሊትሩን ገንዳ ወደ 400 ስለማሳደግ

ወንድሜ፣ የድሬ ልጅ ነህና በድሬ ደንብ አንተ እያልኩ ልመልስልህ። የ120 ሊትር የጨው ውሃ ገንዳህን ወደ 400 ሊትር ልታሳድግ አስበህ፣ ዓሦቹን በአንድ ቀን ማዛወር ይቻል እንደሆነና የከተማችንን ሙቀት ይችሉት እንደሆነ ጠይቀሃል። ማዛወሩም ይቻላል፣ ሙቀቱም መላ አለው። ሳቢያን ባለው ቤቴ አድርጌዋለሁ፤ የተማርኩት ግን ሁለት ዓሦች ገድዬ ነው።

ብዙ ሰው አሮጌውን ውሃ እንደ ጠበል ይሳሳለታል። የዓሦቹን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ግን በአብዛኛው የሰፈሩት ድንጋዩና የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሳይደርቁ፣ በራሳቸው ውሃ እንደተነከሩ በባልዲ ይሻገሩ። እኔን ያሳሳተኝ አሸዋው ነው። ዓመታት የተኛውን አሸዋ በቆሻሻ ማፈሻ እያፈስኩ አዲሱ ገንዳ ውስጥ ገለበጥኩት። ከሥር ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሳሎኑ የገማ እንቁላል ሸተተ። ሲረጋ ይጠራል ብዬ ተኛሁ። ንጋት ላይ ዳምሰል የሚባሉት ሁለቱ ዓሦቼ ከውሃው ገጽ ተጠግተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አገኘኋቸው፤ ቀትርን አላዩም። ክላውን የሚባሉት ዓሦቼ ተርፈዋል። አሮጌውን አሸዋ ጣለው፣ አዲስ አጥበህ አንጥፍ።

ጨው ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ስለሚያስፈልግ ለ400 ሊትር 14 ኪሎ ይገባል። የአፍዴራ ጨው አይሆንም ወይ ለምትለው፣ አይሆንም። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ዓሣውና ድንጋዩ ላይ ያለው ሕይወት ማግኒዥየምም ካልሲየምም ይፈልጋሉ። ለባህር ገንዳ የተዘጋጀውን ጨው ከአንድ ቀን በፊት በንጹሕ በርሜል በጥብጠህ፣ ፓምፕ እያንቀሳቀሰው ይደር። የውሃውን ጨዋማነት የሚለካው ሃይድሮሜትር 1.025 ካላለ ዓሣ አታስገባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አንተ ያልጠየቅከው ነው። 120 በ60 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ገንዳ ውሃው አንድ ሴንቲሜትር ዝቅ አለ ማለት ከሰባት ሊትር በላይ ተነነ ማለት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የእኔ ገንዳ ይህን ያህል በቀን ይጠጣል፤ ምክንያቱም የማቀዘቅዘው ውሃው ገጽ ላይ በሚነፍስ ተራ ቬንትሌተር ነው። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርድልኛል፣ ዋጋውን ግን በውሃ ያስከፍላል። ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን የምትሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። የቧንቧውን እንዳትጨምር። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ታውቀዋለህ፤ ያው በየቀኑ ገንዳህ ውስጥ ይከማቻል። በደንብ የተጣራ ውሃ በሳምንት 50 ሊትር ከየት እንደምታመጣ ሳታውቅ መስታወት አትዘዝ። ባለቤቴ ገንዳውን «ሦስተኛው ልጅ» የምትለው በጄሪካኖቹ ብዛት ነው።

መስታወቱን በከተማችን ባለሙያ ማሠራት ይቻላል፤ ቁመቱ 60 ከሆነ እኔ 12 ሚሊሜትር አሠርቻለሁ። ሲሊኮኑን ግን ራስህ ገዝተህ ስጠው። የመታጠቢያ ቤቱ ዓይነት ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ስላለበት ዓሣ ይገድላል። ከነድንጋዩና ከነመቆሚያው ግማሽ ቶን ያልፋልና ምድር ቤት፣ ሲሚንቶ ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ ከማይገባበት ግድግዳ አጠገብ ይቁም። ውሃ ልክ አስቀምጠህ ሳታይ አንድ ባልዲ አታፍስስ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑርህ። የሞቀ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ የቀትር መጥፋት ከሌሊቱ የከፋ ነው።

የማዛወሪያውን ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምር። ውሃው የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫውን ትቶ ባልዲ የሚያነሳልህ ጓደኛ ድሬዳዋ ውስጥ አታገኝም። ለሦስት ሳምንት ምግብ ቀንስ፣ አሞኒያውን በየቀኑ ለካ፣ አዲስ ዓሣም አትግዛ። የ120 ሊትሩንም አትሽጠው፤ በኋላ የምትገዛቸውን ዓሦች ለጥቂት ሳምንታት ለይተህ የምታቆይበት እሱ ነው።