ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ምን ይወቅ ላልሽው

እህቴ፣ «ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ይጨርሳል። ቤት ውስጥ የሚወራው ስለ ላፕቶፕና ስለ ሻንጣ ብቻ ነው። ኮሌጅ ሳይገባ የምር ማወቅ ያለበት ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ለዓመታት ሳስተምርም ሳማክርም ስለቆየሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ላፕቶፑ ይደርሳል፣ አታስቢ።

ሃይስኩል ውስጥ ልጁን ብዙ ዓይን ይከታተለዋል። መምህሩ ደብተር ያያል። ከቀረ ቤት ይደወላል። የዛሬ የቤት ሥራ ነገ ይታረማል። ኮሌጅ ሲገባ ይሄ ሁሉ ባንዴ ይቆማል። ሌክቸር ቢቀር «የት ነበርክ?» የሚለው ላይኖር ይችላል። እኔ ካየኋቸው ውስጥ ትምህርቱ ከብዷቸው ከወደቁት ይልቅ በዚህ ነፃነት ተዘናግተው የወደቁት ይበዛሉ። ጎበዝ የሚባሉት ጭምር። ስለዚህ ገና እናንተ ጋር እያለ ራሱን ማስተዳደር ይጀምር። ጠዋት የሚቀሰቅሰው ሰው አይኑር። ቀጠሮውን ራሱ ይያዝ፣ ፎርሙን ራሱ አንብቦ ይሙላ። እናት ወይ እህት ፎርም ስትሞላለት የኖረ ልጅ ሬጅስትራር (የተማሪዎች ምዝገባ ቢሮ) መስኮት ላይ ሲቆም ያስታውቃል።

ሰዓት ላይ አንድ ስሌት ላሳይሽ። በብዙ ኮሌጆች ለአንድ ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ከተገባ፣ ከክፍል ውጭ ሁለት ሰዓት ጥናት ይጠበቃል። 15 ክሬዲት ከያዘ 15 ሰዓት ክፍል፣ 30 ሰዓት ጥናት፤ በድምሩ 45 ሰዓት። የሙሉ ጊዜ ሥራ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ የሚታየው ግን 15ቱ ብቻ ነው። ፍሬሽማኑ ፕሮግራሙን ያይና «ማክሰኞ ከሰዓት ነፃ ነኝ!» ይላል። ነፃ አይደለም። ኮርስ አውትላይን (የኮርሱ ዕቅድ) በተሰጠው ቀን የኩዊዙን፣ የሚዱን (የአጋማሽ ፈተናውን)፣ የአሳይመንቱን ቀን ሁሉ አንድ ካላንደር ላይ ያስፍር። ሁለት ሚድና አንድ አሳይመንት ባንድ ሳምንት የሚገጣጠሙበት ጊዜ መኖሩን ቀድሞ ያየዋል።

ክሬዲት ካነሳን አይቀር ጂፒኤ (አማካይ ውጤቱ) እንዴት እንደሚሠራም ይወቅ። ብዙዎቹ የሚያውቁት የመጀመሪያው ሴሚስተር ካለፈ በኋላ ነው። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ አመጣ እንበል። ባለ 1 ክሬዲት ኮርስ ላይ ደግሞ ኤ። በኤ 4፣ በሲ 2 ነጥብ ሒሳብ አማካዩ 3 ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ውጤት በክሬዲቱ ይባዛል፤ 4 ጊዜ 2፣ 8። 1 ጊዜ 4፣ 4። ድምሩ 12 ለ5 ሲካፈል 2.4 ነው። ስለዚህ ጉልበቱን ትልቁ ኮርስ ላይ ያፍስስ። ኮርስ ድሮፕ ማድረግ (ጀምሮ መተው) የሚቻልበት የመጨረሻ ቀንንም ካላንደሩ ላይ ይክበበው። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ልመና ብዙም አይሠራም።

አጠናኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሃይስኩልን በሽምደዳ የተወጣ ልጅ ኮሌጅም በዚያው መቀጠል ይፈልጋል። ሃንድአውቱን ያነባል፣ ይደግማል፣ በሃይላይተር ቢጫ ያደርገዋል። ደጋግመሽ ያነበብሽው ነገር ዓይን ስለሚለምደው የገባሽ ይመስልሻል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ አለ። አንዱ የተማሪዎች ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንዴ አንብቦ፣ ከዚያ ሳያይ የሚያስታውሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶ ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ሚድ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሃንድአውቱን ይዝጋ። ባዶ ወረቀት ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጻፍ። ከዚያ ገልጦ የረሳውን በሌላ ቀለም ይሙላ። በሁለት በሦስት ቀን በሌላ ቀለም የሞላውን ብቻ ይመለስበት። መጀመሪያ ላይ ያበሽቃል፤ ወረቀቱ ባዶ ይቀርበታል። ይበሽቅ። አሁን ላለበት ፈተናም ስለሚጠቅመው ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።

ሌላው እርዳታ መጠየቅ ነው። አስተማሪዎች የኮንሰልቴሽን ሰዓት፣ ማለትም ተማሪ ቢሮ መጥቶ ያልገባውን የሚጠይቅበት ሰዓት አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ቢሯችን ጭር ያለ ነው፤ ፋይናል ሲቃረብ ግን ኮሪደሩ ይሞላል። ያኔ ረፍዷል። «ቲቸር፣ ኮርሱ አልገባኝም» የሚል መልእክት ሲመጣልኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ይጨንቀኛል። እንዲህ ቢጻፍ ግን፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሰኞ ጠዋቱ ካልኩለስ ክፍል ተማሪ ነኝ። ምዕራፍ 2፣ ጥያቄ 7ን ሞክሬ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። የሠራሁትን አያይዣለሁ። ሐሙስ በኮንሰልቴሽን ሰዓትዎ ብመጣ ይመችዎታል?»

ከታች ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር። በቃ። እንዲህ ያለ መልእክት የሚጽፍ ተማሪ መልስ ያገኛል፤ ስሙም ይታወቃል። ዓይን አፋር ከሆነ መጀመሪያ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ በአካል ይሂድ።

አሳይመንት መቅዳት ላይ አጭር ነገር። ከጓደኛም ይሁን ከኢንተርኔት፣ ምንጭ ሳይጠቅሱ መገልበጥ ሃይስኩል ላይ በቁጣ ሊታለፍ ይችላል። ኮሌጅ ላይ ከኮርሱ ዜሮ እስከ መባረር ያደርሳል። ኤአይ መጠቀም የሚፈቀድበትና የሚከለከልበት ከኮርስ ኮርስ ስለሚለያይ፣ ሳይጠይቅ አይጠቀም።

ገንዘብ ከተላከለት በወሩ መጀመሪያ በአራት ሳምንት ከፍሎ ያስቀምጥ። ልብስ ማጠብ፣ አንድ ሁለት ምግብ መሥራት፣ የዶርም ጓደኛን ሳይጣሉ «ሙዚቃውን ቀንስልኝ» ማለት፣ እነዚህን ቤት ይለማመድ። እንቅልፍ ላይ አትደራደሩ። አዳር አጥንቶ ፈተና መግባት እንደ ጀብዱ ይወራል፤ ጠዋት ላይ እስኪርቢቶ ይዘው የሚያንቀላፉትን የማየው ግን እኔ ነኝ።

ዲፓርትመንት ምርጫ ላይ አንቺም ቤተሰቡም ትንሽ ረጋ በሉ። «ጥሩ ውጤት ካመጣህ ሕክምና» ብሎ መወሰን የተለመደ ነው። በእኔ እምነት ከዲፓርትመንቱ ስም በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ማየት ይሻላል። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚወሰዱትን ኮርሶች አንድ በአንድ ያንብብ። እዚያ የሚማር አንድ ሁለት ተማሪ ፈልጎ ሳምንቱ እንዴት እንደሚያልፍ ይጠይቅ።

ከሄደ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሊከፋው ይችላል። «ልመለስ» ብሎ ሊደውልም ይችላል። ብዙዎቹ ላይ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ካላለፈ፣ መብላትና መተኛት ካቆመ ግን ኮሌጁ የምክር አገልግሎት ካለው ቶሎ ይሂድ። ስትደውዪም ውጤቱን ብቻ አትጠይቂው።

ምን መማር እንደሚፈልግ ከነገርሽኝ የአንደኛ ዓመት ኮርሶቹን እያየን ክረምቱን ምን ቢያነብ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።