ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ጣርማ በር ስደርስ ሆዴ ይወጠራል፤ ጨጓራ ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ሚኒባስ እነዳለሁ። በጾም ቀን 7 ሰዓት ላይ ሸዋ ሮቢት ሽሮ በእንጀራ፣ አንዳንዴም የባቄላ ነፍሮ እበላለሁ። መንገድ ላይ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ወደ 12 ሰዓት ጣርማ በርን ስወጣ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ያጉረመርማል፤ አየር ሲወጣልኝ ይቀለኛል። ቃር የለብኝም። «ጨጓራ ነው» ተብዬ ኦሜፕራዞል መውሰድ ከጀመርሁ 2 ወር አለፈኝ፤ ለውጥ የለም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም በባዶ ሆዴ ሞክሬአለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በእኛ አገር ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል። የእርስዎ ችግር ግን ከጨጓራ በጣም ርቆ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያለ ይመስላል። ይህን የሚያስብለኝ ሰዓቱ ነው። የ7 ሰዓቷን ጉርሻ እንከተላት።

አፍ ውስጥ ምራቅ የእንጀራውን ስታርች መሰባበር ይጀምራል። ጉርሻዋ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የምግብ ቧንቧ በ10 ሰከንድ ገደማ አልፋ ጨጓራ ትገባለች። ጨጓራ ከረጢት ነው፤ ምግቡን በአሲድ ያሸዋል፣ ይንጠዋል፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ታች ይለቀዋል። ደረቅ ምግብ ለመጨረስ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ዘይት የበዛበት ከሆነ ይቆያል። እንግዲህ ጨጓራዎ ቢታመም ኖሮ ማቃጠሉ ወይም ቶሎ የመጥገቡ ስሜት ምሳ እየበሉ ወይም ብዙም ሳይቆይ ይመጣ ነበር፤ አለዚያም ባዶ ሆድዎን ሲሆኑ ይሞረሙርዎት ነበር።

ቀጥሎ ያለው 6 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቀጭኑ አንጀት ነው። መግቢያው ላይ ከጉበት የመጣው ሐሞትና የቆሽት ጭማቂ ይቀላቀሉበታል። («ቆሽቴ አረረ» የምንልበት ቆሽት ለቁጣ ሳይሆን ለዚህ ሥራ የተሰጠን ነው፤ ስብ፣ ፕሮቲንና ስታርች የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል፤ አሲዱንም ያበርዳል።) የአንጀቱ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ መንዝ ባና ጸጉራም ነው፤ በእነዚያ ጥቃቅን ጸጉሮች በኩል ምግቡ ወደ ደም ይገባል። ከጠጡትና ሰውነት ራሱ ካመነጨው ተደምሮ በቀን ከ7 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ወደዚህ ይገባል፤ አብዛኛው እዚሁ ይመጠጣል።

ችግሩ የባቄላ፣ የአተርና የሽምብራ ስኳር ነው። ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉትን ስኳሮች የሚሰብር ኢንዛይም የሰው ቀጭን አንጀት የለውም። የገብስና የስንዴ፣ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ፍሩክታንም (የስኳር ሰንሰለት ነው) እንደዚሁ ነው። ሳይነኩ ያልፉና ከተበሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ። እዚያ ባክቴሪያዎች ይቀበሏቸዋል፤ እንደ ጠላ ጋን ይፈላሉ። ሃይድሮጂን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንዱም ሰው ሚቴን ይወጣል። የ7 ሰዓት ሽሮ 12 ሰዓት ላይ ማጉረምረሙ እንግዲህ ሰዓቱን ጠብቆ ነው። ጤነኛ ሰውም በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ አየር ያወጣል።

መንገዱም ያግዘዋል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። ሽቅብ ሲወጡ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ አንጀት ውስጥ የተዘጋው ጋዝ በሩብ ያህል ይሰፋል። አርማኒያ ላይ የቻሉት ሆድ ደብረ ሲናን ሲያልፉ የሚወጥርዎት ከዚህም የተነሳ ነው። በዚያ ላይ እየነዱ በእፍኝ የሚቆረጠም ቆሎ በደንብ ሳይታኘክ ከብዙ አየር ጋር ይዋጣል።

ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ ከዚህ ጋዝ ጋር ግንኙነት የለውም። እንዲያውም አሲዱ ለረጅም ጊዜ ሲዳከም ባክቴሪያ ወደ ቀጭኑ አንጀት ሊወጣና መነፋቱን ሊያብስ ይችላል። 2 ወር ወስደው ካልረዳዎት ያዘዘልዎትን ባለሙያ አነጋግረው ያቁሙት፤ ሲያቆሙት ለጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ቃር ቢሰማዎት አይደንግጡ፤ አሲዱ ተመልሶ ሲመጣ የሚሆን ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ በሰገራ የሚሠሩ ከሆነ መድኃኒቱን ካቆሙ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከወሰዱም 4 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ፌጦውንና ነጭ ሽንኩርቱን ይተዉ፤ አንዱ ይቆጠቁጣል፣ ሌላው ጋዝ ይጨምራል።

ባቄላን መተው ግን አልመክርም፤ በጾም ፕሮቲንዎ እሱ ነው። አሠራሩን ይለውጡ። ማታ በ3 እጥፍ ውሃ ይነከር፤ 12 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ውሃው ይደፋ፤ በአዲስ ውሃ እስኪፈርስ ይቀቀል፤ የመቀቀያውም ውሃ ይደፋ። ስኳሩ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ከሁሉ የሚሻለው ጎንቁል ነው፤ ፍሬው ሲያጎነቁል እነዚያኑ ስኳሮች ለራሱ ማደጊያ ይበላቸዋል። የእናቶቻችን ዘዴ ከኬሚስትሪው ቀድሟል። ቆሎ ላይ ግን እሳቱ ስኳሩን አያጠፋም፤ ሽሮም እህሉ ሳይነከር ተቆልቶ ከተፈጨ ያው ነው። ለ2 ሳምንት ቆሎን፣ ነጭ ሽንኩርትንና ጋዝ ያለው መጠጥን ያቁሙ፤ ሽሮውን በሩዝ ወይም በድንች ወጥ ይቀያይሩ። ከቀለለዎት አንድ በአንድ፣ በ3 ቀን ልዩነት ይመልሷቸው፤ ጥፋተኛው ይታወቃል። በፍስክ ቀን ወተት ከጠጡ በኋላም የሚነፋዎት ከሆነ ወተቱንም በዚሁ መንገድ ይፈትኑት። ከምሳ በኋላ መሪ ከመያዝዎ በፊት 15 ደቂቃ ይራመዱ።

ሰገራዎ ቅባት የበዛበትና በጣም የሚገማ ከሆነ ጃርዲያ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ፤ ናሙናው ትኩስ ይሁን። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ (የብረት ኪኒን ካልወሰዱ) ካለ ግን በምግብ ለውጥ ጊዜ አይጥፋ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በደጋማው አገራችን፣ በተለይ በወንዶች ላይ፣ የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ዙሪያ መጠምዘዙ የታወቀ ነው፤ ሕዝቡ «አንጀት መታጠፍ» ይለዋል። የዘወትሩ መነፋት አየር ሲወጣ ይለቃል፤ ይህኛው አይለቅም። ሆድ በድንገት ይወጠራል፣ ይቆርጣል፣ ሰገራም አየርም ጭራሽ ይቆማል። ሰው ወደ ሕክምና ዘግይቶ ከመጣ አንጀቱ ይሞታል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይውሰዱ፣ ምግብም ውሃም አይቅመሱ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ መሪውን ለሌላ ሰው ሰጥተው በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ።