ጥያቄና መልስ፦ በደመና ውስጥ የተሸሸጉ ወጣት ግዙፍ ከዋክብትን እንዴት እንለያለን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እጩዎችን ከየት ልልቀም?

መልስ፦ ሰማዩን በኢንፍራሬድ ከቃኘው ከኤምኤስኤክስ ሳተላይት ዝርዝር። በ21 ማይክሮን የሞገድ ርዝመት የሚደርሰን ብርሃኑ (ፍሰቱ) ከ8 ማይክሮኑ ከእጥፍ በላይ የሆነውን፣ የ14ቱም በመሃል የሚወድቀውን ውሰድ። አቧራው የኮከቡን ብርሃን ውጦ በኢንፍራሬድ ስለሚመልሰው ነው እንዲህ የሚቀላው። ግን ቀለም ብቻ አትመኑ! በገዛ አቧራቸው የተሸፈኑ ያረጁ ከዋክብትና ፕላኔታሪ ኔቡላዎችም (የሚሞቱ ከዋክብት የጣሉት ጋዝ) ያንኑ ቀለም ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ በ8 ኢንች ቴሌስኮፕ ይታያል?

መልስ፦ አይታይም።

ጥያቄ፦ ከጥቅጥቅ ኤች-ቱ ክልልስ (ትኩስ ኮከብ ኤሌክትሮኑን ከገፈፈው፣ አዮን ካደረገው የሃይድሮጂን ጋዝ) በምን ይለያል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። በሬዲዮ፣ 5 ጊጋኸርዝ ላይ። ገና ጋዝ በኃይል የሚሰበስብ ኮከብ ያብጣል፤ ሲያብጥ ገጹ ይቀዘቅዛል፤ ሃይድሮጂኑን አዮን የሚያደርግ አልትራቫዮሌት አይበቃውም። ስለዚህ በሬዲዮ ጭጭ ይላል፣ ቢታይም ደካማ ነፋሱ ነው። ተኮማትሮ ሲግል ግን ዙሪያው አዮን ይሆንና ሬዲዮው ይጎላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፦ የኤምኤስኤክስ ምስል 18 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ነው) ስለሚያደበዝዝ ኮከቡና ጎረቤቱ ኤች-ቱ ክልል አንድ ነጥብ ይሆናሉ። ከምድር በ10 ማይክሮን 1 አርክሰከንድ አካባቢ ጥራት ያለው ምስል አንሱና ከሬዲዮው ቦታ ጋር ደርቡት። አለዚያ የጎረቤቱን ሬዲዮ ለኮከቡ ትሰጡታላችሁ።

ሌላ አባል፦ የ6.7 ጊጋኸርዝ ሜታኖል ሜዘር (በሜታኖል ጋዝ የሚጎላ፣ እንደ ሌዘር ያለ የሬዲዮ ጨረር) ካለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ግዙፍ በሚወለድበት እንጂ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ሦስተኛ አባል፦ ሲገኝ ነዋ! ብዙዎቹ የላቸውም። ጨረሩ ወደኛ ካልዞረ ቢኖርም አናየውም።

ሌላ አባል፦ እኔ መቼ ከሌለ ጣሉት አልኩ?

መልስ፦ ሜዘሩን ሌላ ቀን። ሬዲዮ ውሰዱ።

ጥያቄ፦ ግዙፍ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ «በምን» ስትል? ክብደቱን ከሆነ፣ ከ8 ፀሐይ በላይ ነው መስፈርቱ፤ የሚገመተው ከጠቅላላ ብርሃኑ፣ ብርሃኑም ከርቀቱ። የደመናውን ፍጥነት በካርቦን ሞኖክሳይድ መስመር ለካ። ጋላክሲያችን ስለሚዞር ፍጥነቱ ርቀቱን ይጠቁማል፤ ደመናው ፀሐይ በጋላክሲው መሃል ዙሪያ ከምትዞርበት ምሕዋር ወደ ውስጥ ከሆነ ግን ቅርብና ሩቅ ሁለት ርቀት ይሰጥሃል። የ21 ሴንቲሜትሩ የሃይድሮጂን መስመር በዚያው ፍጥነት ላይ ጎድጎድ ካለ ቅርቡን ያዝ። ርቀት ቀልድ አይደለም፦ ሲግነስ የኮከቦች ስብስብ አቅጣጫ ያለው ወጣት ግዙፍ ኮከብ ኤኤፍጂኤል 2591 ለዓመታት 1 ኪሎፓርሴክ (3,260 የብርሃን ዓመት ገደማ) ላይ ሲታሰብ ኖሮ የውሃ ሜዘሮቹ ፓራላክስ (ምድር ስትዞር የሚታየው የቦታ መንሸራተት) 3.3 አወጣው። ብርሃኑ በአንዴ 11 እጥፍ ሆነ!

ጥያቄ፦ ቀለሙ በጣም ቀይ ከሆነስ፣ ያለ ሬዲዮ ይለፍ?

መልስ፦ ስንቴ ልበል? ከላይ አንብብ።