ባትሪ ጥገና ልግባ ወይስ ሽቦ ሥራ?

እህታችን፣ በአውቶ ኤሌክትሪክ ተመርቀሽ ድሬዳዋ ያለ አንድ ጋራዥ ሁለት ቦታ አቅርቦልሻል፤ ደመወዙ ሻል ያለ ባትሪ ጥገናና አነስ ያለ የመኪና ሽቦ ሥራ። ልጅ ለመውለድ እያሰብሽ ስለሆነ «ባትሪውን ልያዝና ሳረግዝ ባቆም አይበቃም ወይ?» ብለሻል።

አይበቃም። የመኪና ባትሪ ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት አለ። ደም ውስጥ የገባው እርሳስ በወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አጥንት የገባው ግን ለዓመታት ይቆያል። ስታረግዢ ለፅንሱ የሚሆን ካልሲየም ካንቺ አጥንት ሲወጣ እርሳሱም አብሮት ይወጣል፣ የእንግዴ ልጁም አያግደውም። የፅንስ መጨንገፍ፣ ያለጊዜው መውለድ፣ የሕፃኑ ክብደት ማነስ፣ የልጁ አእምሮ እድገት መጎዳት ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሰው ጢሱን ብቻ ይፈራል፤ እጅም ግን ትልቅ መግቢያ ነው። ያረጀ ባትሪ ሲፈታ የፕሌቱ (የውስጡ የእርሳስ ሰሌዳ) ግራጫ ዱቄት ጥፍር ሥር ይገባል። በድሬ ሙቀት ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል፤ ከምሳ በኋላም በዚያው እጅ ጫት ይቀነጠሳል። ሳኒታይዘር እርሳስን አያስለቅቅም፣ በውኃና በሳሙና ታጠቢ። ቱታሽም ቤት አይግባ።

አጠገብሽ ቀለም የተቀባ ላሜራ የሚበየድ ከሆነ ደግሞ ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረት ሊጨመር ይችላል። እሱ የእንግዴ ልጅ ውስጥ እየተጠራቀመ ዚንክ ለፅንሱ እንዳይደርስ ያውካል። የደም ማነስ ካለብሽ አንጀትሽ እርሳሱንም ካድሚየሙንም አብልጦ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከማርገዝሽ በፊት ሄሞግሎቢንሽን ተመርመሪ። ተራ የደም ምርመራ እርሳስን አያሳይም፤ «የእርሳስ መጠን» ብለሽ ጠይቂ። በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ክትትል ያስፈልግሻል።

ምክራችን ሽቦ ሥራውን ያዢ ነው። እሱም ንጹሕ አይደለም፤ የተለመደው የመበየጃ ሽቦ 60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ ነው። በ350 ዲግሪ ገደማ እርሳሱ ይህን ያህል አይተንም፣ የሚጨሰው ፍላክሱ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳው ሙጫ መሰል ነገር) ነው። የመበየጃ ሽቦውን በጥርስ መያዝ ግን (ሁሉም ያደርገዋል!) አጉል ልማድ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሥራው ላንቺ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር መብትሽ ነው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ፈቃድም አለሽ። ከመፈረምሽ በፊት ውሉ ላይ «የሽቦ ሥራ» ተብሎ ይጻፍ። «አውቶ ኤሌክትሪሺያን» ብቻ ካለ፣ የባትሪው ሠራተኛ የቀረ ቀን የሚላከው አንቺ ነሽ።